ለመንገድ በቅሎ፣ ለስም ፈረስ

የሚወዳትን መኪና የሚሸጥ ሰው ምክንያት አያጣም፤ ያውም አብዛኛውን ጊዜ እውነተኛ ምክንያት። ልጅ ተወልዷል፤ ወገብ እምቢ ብሏል፤ የቤት ኪራይ ጨምሯል። የሚገርመው ይህን እውነት ሲናገር የሚዋሽ ሰው መምሰሉ ነው። የ1972 ዳትሰን 240 ዜዴን ሸጬ ቶዮታ ራቭ ፎር ስገዛ (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያንብቡልኝ) ለጠየቀኝ ሁሉ የሰጠሁት መልስ አንድ ነው፦ «እናቴ ከአዲስ አበባ ልትመጣ ነው።»

እውነት ነው። እናቴ ጉልበቷን ያማታል፤ የዜድ ወንበር ደግሞ ከአስፋልቱ ብዙም ከፍ አይልም፤ እዚያ ውስጥ የገባ አዛውንት ለመውጣት ደጋፊ ይፈልጋል። የዋሽንግተኑ ዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ ስትደርስም ባዶ እጇን አትወጣም፤ በርበሬና ሽሮ፣ ድርቆሽና ቆሎ የታጨቁባቸው፣ እያንዳንዳቸው 23 ኪሎ ተመዝነው ያለፉ ሻንጣዎች አሏት። ሁለት ወንበር ብቻ ያላት መኪና ለእንዲህ ያለ እንግዳ አትሆንም። ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ግን የሚጻፍ ነገር ባልነበረው። ምክንያቱ ለምን እንደሸጥኩ ያስረዳል፤ ከሸጥኩ በኋላ ለምን እንደከፋኝ አያስረዳም።

240 ዜድ የሀብታም መኪና ሆና አልተፈጠረችም። በ1969 መጨረሻ ጃፓን ውስጥ ስትወጣ ስሟ ፌርሌዲ ዜድ ነበር፤ ፌርሌዲ የሚለው «ማይ ፌር ሌዲ» ከተባለው ሙዚቃዊ ተውኔት የመጣ ነው። በአሜሪካ የዳትሰንን ንግድ ይመራ የነበረው ዩታካ ካታያማ በዚህ ስም ለአሜሪካዊ ስፖርት መኪና መሸጥ ዘበት ነው ብሎ ስሙን ከላሜራው ላይ አስነቅሎ በሞተሯ መጠን ጠራት፤ 2.4 ሊትር፣ ስለዚህ 240። ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር፣ 151 የፈረስ ጉልበት፣ ከአንድ ቶን እምብዛም የማይበልጥ ክብደት፣ ረጅም ኮፈን። ዋጋዋ 3,526 ዶላር። በዚያ ዘመን የእንግሊዙ ጃጓር ኢ-ታይፕ ከ5 ሺህ ዶላር በላይ ያወጣ ነበር። የካታያማ ሒሳብ ደመወዝተኛም ይህችን ደስታ ይቅመሳት የሚል ነው። ሰውየው በ2015፣ በ105 ዓመቱ እስኪያርፍ ድረስ የዜድ ባለቤቶች አባታቸው አድርገው ያዩት ነበር፤ እኔም ፎቶውን ጋራዤ ግድግዳ ላይ ሰቅዬ ነበር፤ ባለቤቴ የማን ቅዱስ ነው እያለች ትስቅብኝ ነበር።

ለእኛ አካባቢም እንግዳ አይደለችም። በ1971 ኤድጋር ኸርማንና ሃንስ ሹለር፣ በ1973 ደግሞ ሼካር መህታና ሎፍቲ ድሪውስ በዚህችው መኪና የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊን አሸንፈዋል፤ ስንት ከአውሮፓ የመጣ ምርጥ መኪና ውጦ ያስቀረውን የኬንያን ጭቃና አቧራ። ይህን ሁሉ በስልክ ስተርክላት እናቴ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ልጄ፣ ዳትሰን ዕቃ የሚጭነው አልነበረም እንዴ?» እሷ የምታውቀው ፒክአፑን ነው። ልጇ ዕቃ የማይጭን ዳትሰን መግዛቱን ስትሰማ አሜሪካ እንዳሞኘው ሳትጠረጥር አልቀረችም።

ስፖርት መኪና ውስጥ መጀመሪያ የተቀመጥኩት፣ እንደ ብዙ የዋሽንግተን ሐበሻ፣ በሰው መኪና ነው። ፓርኪንግ ጋራዥ ስሠራ የአንድ ጠበቃ ፖርሽ ነበረች፤ ጠዋት ወደ ላይኛው ፎቅ አወጣታለሁ፣ ማታ አወርዳታለሁ። ፍሪሲዮኗን ስረግጥ እግሬ ሥር መልስ ነበር፤ መሪዋን ስይዝ ወለሉ ላይ ያለው ስንጥቅ ሁሉ በእጄ ይነገረኛል። ከሥራ ወጥቼ ወደ ቤት የምሄድባት ኮሮላ ግን ታደርሰኛለች እንጂ አታናግረኝም። ያኔ ገባኝ አልልም፤ ያኔ ግን ለከፈኝ።

የቨርጂኒያ ሕግ ይህን ልዩነት በራሱ መንገድ ያውቀዋል። 25 ዓመት የሞላት መኪና «አንቲክ» የሚባለውን ታርጋ ልታገኝ ትችላለች፤ ታርጋው ግን ግዴታ አለበት። ለትርኢትና ለሰልፍ ይዟት መውጣት፣ ለጥገና መውሰድ ይቻላል፤ አልፎ አልፎም ከቤት ከ250 ማይል ሳይርቁ ለመዝናናት መንዳት ይፈቀዳል። የሥራ መመላለሻ ማድረግ ግን ክልክል ነው። መንግሥት አንድን ዕቃ «እንዳትጠቅም» ብሎ በወረቀት ሲያዝ ሌላ ቦታ አላየሁም። ያንን ታርጋ የለጠፈ ሰው ከመኪናው ጋር ያለው ጉዳይ ከጥቅም ሌላ መሆኑን አምኖ ፈርሟል ማለት ነው።

እኛ ይህን ከቨርጂኒያ ቀድመን እናውቀዋለን። የድሮ መኳንንት ለጉዞ የሚቀመጡት በቅሎ ላይ ነው። ፈረሱ ተሸልሞ በአሽከር እየተሳበ ይከተላል፤ ጌታው የሚወጣበት ጦርነት ሲመጣ ወይም የጉግሥ ቀን ነው። በቅሎ ገደል ታውቃለች፣ ዳገት አይፈታትም፣ የተቀመጠባትን ሰው ወገቡን ሳታንገላታ ታደርሳለች፤ ሰጋር በቅሎ ዋጋዋም ከፈረስ ይበልጥ ነበር። ስም ግን የሚወጣው ከፈረስ ነው። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ አሉላ አባ ነጋ። የራስ መኮንን ፈረስ ስም ጌታውም ፈረሱም ካለፉ ከዓመታት በኋላ ባሕር ተሻግሮ ኮሪያ ዘመተ፤ የቃኘው ሻለቃ ተብሎ። አስመራ የነበረው የአሜሪካኖች የጦር ሰፈርም በዚሁ ስም ይጠራ ነበር፤ ስንቱ የቴክሳስ ወታደር የማያውቀውን የሐረር ፈረስ ስም አድራሻ አድርጎ ለእናቱ ደብዳቤ ጽፏል። በበቅሎው ስም የተጠራ ጀግና ግን ሰምቼ አላውቅም።

ይህ በቅሎን መናቅ አይመስለኝም፤ ናቂ ሰው ከፈረስ በላይ ዋጋ አይከፍልባትም። አባቶቻችን ሁለቱን እንስሳት ለሁለት የተለያየ ነገር ነው የያዟቸው። በቅሎዋ ሰውየውን እንዳለ፣ እንደነበረ፣ ካሰበበት ታደርሰዋለች። ፈረሱ ላይ የወጣ ሰው ግን የወረደው ሰው አይደለም፤ ድምፁም አስተያየቱም ይለወጣል፤ አዝማሪው ያንን የተለወጠውን ሰው በምን ይጥራው? በለወጠው ይጠራዋል። እኔንም ቡና የምንጠጣበት ቤት ያሉ ሰዎች «ባለ ዜዱ» ይሉኝ ነበር፤ ስሜን በቅጡ የማያውቁ ሁሉ። «ባለ ራቭ ፎሩ» የሚለኝ አይኖርም፤ ከቤቱ ፊት ለፊት ዘወትር አራት አምስት ራቭ ፎር ቆሞ ስለሚውል መለያ አይሆንም። እንግዲህ የመጀመሪያው ኪሳራ ይኸው ነው፦ መኪናዬን ስሸጥ ስሜንም አብሬ ሸጬዋለሁ። ከንቱ ውዳሴ ነው የሚለኝ ካለ አልከራከርም፤ ከንቱነቱ ግን ሕመሙን አላስቀረልኝም።

ሁለተኛው ኪሳራ ጠለቅ ይላል። ፈላስፋው ማርቲን ሃይደገር በ1927 ባሳተመው ታላቅ መጽሐፉ ውስጥ ስለ መዶሻ የሚናገረው ነገር አለ። ደህና መዶሻ በሠራተኛው እጅ ገብቶ ሲሠራ አይታይም፤ የሚታየው ሥራው ነው። መዶሻው ራሱ ከፊት የሚደነቀረው እጀታው የተሰበረ ዕለት ነው። በዚህ ሚዛን ራቭ ፎር ፍጹም መሣሪያ ናት፤ ገብቼ፣ ቁልፍ ተጭኜ፣ ስለ እናቴ መድኃኒት እያሰብኩ ፋርማሲው በር ላይ ራሴን አገኘዋለሁ። መንገዱንም መኪናዋንም አላየኋቸውም። ዜድ ደግሞ ሁልጊዜ ግማሽ ስብር ናት፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ትታያለች።

ጠዋት ብርድ ሲሆን ከካምቢዮው ጀርባ ያለችውን የቾክ ዘንግ መሳብ፣ ሞተሩ ሲያጉረመርም ጥቂት በጥቂት መመለስ። ኮፈኑን ከፍቶ በሁለቱ ካርቡራተሮች አናት ላይ ያሉትን ትናንሽ ክዳኖች ፈትቶ ዘይታቸው መጉደሉን ማየት። ከሁሉም የምወደው ግን ሁለቱን ካርቡራተሮች ማስማማቱን ነበር። ቀጭን የላስቲክ ቱቦ አንዱን ጫፍ ጆሮዬ ላይ፣ ሌላውን በመጀመሪያው ካርቡራተር አፍ ላይ አድርጌ አየሩ ሲሳብ የሚያፏጨውን አዳምጣለሁ፤ ከዚያ ሁለተኛውን። አንዱ ቀጠን ያለ ከሆነ ብሎኗን በጣም በትንሹ አዞራለሁ፤ እንደገና አዳምጣለሁ። ሁለቱ ፉጨት አንድ የሚሆኑበት ሰዓት አለ። ያን ጊዜ ሞተሩ ትከሻውን ጥሎ ይረጋጋል፤ ሰውነቴም አብሮ። ጭንቅላቴ ውስጥ ያለው ሒሳብ፣ የሞርጌጁ፣ የኢሚግሬሽን ወረቀቱ፣ የአገር ቤቱ ወሬ፣ በዚያች ሰዓት አይሰማም፤ ጆሮዬ ተይዟል። ይህን ገዳም የገባ ሰው እንዴት እንደሚለው አላውቅም፤ እኔ ጋ ግን ሌላ የሚመስለው ነገር አልነበረም። (ባለቤቴ የምትለው ሌላ ነው። የዜድ የኋላ በር ላስቲኩ ሲያረጅ የማርሚታው ጭስ ወደ ውስጥ ስለሚገባ፣ ከዚህ ተመስጦ የምመለሰው ቤንዚን ቤንዚን እየሸተትኩ ነው።)

ስለዚህ የወደድኩት ፍጥነቷን አይደለም። ሃይብሪዷ ራቭ ፎር 219 የፈረስ ጉልበት አላት፤ ከቆመችበት ስትነሳ ከዜድ የምትቀር አይመስለኝም፤ በቅሎዋ ፈረሱን የምትቀድምበት ዘመን ላይ ደርሰናል። የወደድኩት ያችን የተያዘች ጆሮ ነው። መኪናዋ ያለ እኔ አትሆንም ነበር፤ ቶዮታዋ ግን ማንም ቢነዳት ግድ የላትም። ሰው የሚጠቅመውን ነገር ያመሰግናል፤ የሚናፍቀው ግን እሱን የሚፈልገውን ነው።

የሥነ ልቦናና የኢኮኖሚክስ ሰዎች ነገሩን ቀለል አድርገው ያስረዱታል። ዳንኤል ካኔማን፣ ጃክ ኔትሽና ሪቻርድ ቴለር በ1990 ባሳተሙት ጥናት ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለግማሾቹ ተማሪዎች የቡና ኩባያ ሰጥተው ገበያ ከፈቱ፤ ኩባያ የደረሰው ሊሸጥበት የሚጠይቀው ዋጋ፣ ያልደረሰው ሊገዛበት ከሚፈልገው እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኘ። ሰው የያዘውን ነገር ስለያዘው ብቻ ያስወድደዋል። ይህ ለምን ከገበያው በላይ ዋጋ እንደጠራሁ ያስረዳል፤ አምኜ እቀበላለሁ። ነገር ግን ኩባያዋ እጃቸው የገባችው ገና አሁን ነው፤ ልጆቹም ምንም አላደረጉላትም። እኔ ባትሪ ማስቀመጫዋ ሥር የበላውን ላሜራ አስቆርጬ አስበይጃለሁ፤ ወለሏን ፍቄ ቀብቻለሁ፤ ጣቴ ውስጥ የገባ ግራሶ በሳሙና አልወጣ ብሎኝ ሠርግ ቤት እጄን ደብቄያለሁ። በይዞታና በድካም መካከል ያለውን ልዩነት ያ ጥናት አይለካውም፤ ለካሁት ብሎ ስለማይዋሽ እሱን አልወቅሰውም። ወቀሳዬ በዚያ ብቻ ሁሉን ፈታሁ ለሚለው ነው።

ወዳጆቼ በሙሉ ማለት ይቻላል አንድ ምክር ሰጡኝ። አትሽጣት፤ ጨርቅ አልብሰህ አቁማት፤ ዋጋዋ ይጨምራል። ምክሩ ሞኝነት የለበትም። በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ኒሳን ራሱ አሮጌ 240 ዜዶችን ሰብስቦ እያደሰ በ24,950 ዶላር መልሶ ሸጧል። በጥር 2020 ደግሞ ብዙም ያልተነዳች አንዲት የ1971 240 ዜድ በኢንተርኔት ጨረታ 310 ሺህ ዶላር አውጥታለች። ይህን ቁጥር ሳየው ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፤ አልሆነም። የዚያች መኪና ክብሯ ያልተነዳች መሆኗ ነው። ደመወዝተኛ ይንዳት ተብላ የተሠራች መኪና ባለመነዳቷ ስትከብር ካታያማ ቢያይ ምን ይል ይሆን? በምንጣፍ ላይ ቆማ፣ በመስታወት ተከልላ የምትታይ መኪና ታርጋ ብቻ ያላት ሐውልት ናት።

ማቆም ማለት ደግሞ ማስቀመጥ ማለት አይደለም። ይህን ማንኛውም መካኒክ ይነግራችኋል። የቆመ መኪና ቤንዚኑ ካርቡራተሩ ውስጥ ወደ ሙጫነት ይለወጣል፤ የላስቲክ ማኅተሞቹ ይደርቃሉ፤ ፍሬኑ ዝጎ ይያዛል፤ ጎማዎቹ በቆሙበት በኩል ጠፍጣፋ ይሆናሉ። የማይነዳት ሰው ዘንድ የቆመች መኪና በየወሩ ትንሽ በትንሹ ትሞታለች፤ ባለቤቷ ግን አለችኝ ይላል። እናቴ መጥታ፣ ልጆቼ አድገው፣ እኔ ቅዳሜና እሑድንም ሥራ ገብቼ፣ ዜድ በዓመት አንዴ የምትነሳ ነገር ልትሆን ነበር። ባለቤትነቴ በወረቀት ይቀራል፤ ያ የላስቲክ ቱቦ ግን ጥግ ላይ ተሰቅሎ ይደርቃል። ከዚህ መሸጥ ይሻላል ያልኩት በዚህ ምክንያት ነው፤ ይሄኛውን ምክንያት ግን ለማንም አልተናገርኩም። «እናቴ ልትመጣ ነው» ማለት ይቀላል።

ሁለት ገዢዎች መጡ። አንደኛው ነጋዴ ነው፤ ኮፈኑን እንኳ ሳያስከፍት የሻንሲ ቁጥሯን ፎቶ አንስቶ ጥሩ ዋጋ ሰጠኝ። ሌላው እዚሁ የተወለደ የሐበሻ ልጅ፣ አማርኛው እየተሰባበረ፣ ኪሱ ውስጥ ማግኔት ይዞ የመጣ። ጂንሱ ይቆሽሻል ሳይል አስፋልቱ ላይ ተንበርክኮ ማግኔቷን ከበሩ ሥር ባለው ላሜራ ላይ ዝግ ብሎ አስኬዳት። ከኋላ ጎማው ፊት ለፊት ስትደርስ ማግኔቷ ያዝ ማድረጓን ትታ ወደቀች። ቀና ብሎ አየኝ። «ጋሼ፣ እዚህ ጋ ስቱኮ ነው አይደል?» አለኝ፤ እንደ ማዘን ብሎ፣ እንደ ማፈር ብሎ፣ በእኔ ፋንታ። አዎ አልኩት፤ የባትሪ ማስቀመጫውንም ወስጄ አሳየሁት። ስለ ዋጋ ሳይጠይቀኝ ካርቡራተሮቹን ማን እንደሚያስተካክላቸው ጠየቀኝ። ቱቦውን አውጥቼ ሰጠሁት። ጆሮው ላይ አድርጎ ብዙ ቆየ።

ይህን ያህል ስለ ፈረስ ከተናገርኩ ለበቅሎዋም ፍትሕ ላድርግ። ራቭ ፎር ደህና መኪና ናት። በረዶ ሲጥል ትነሳለች፤ በሩ ሰፊ ነው፤ እናቴ ወንበሩ ላይ እንደ ሶፋ ተቀምጣ፣ ቀበቶዋን ራሷ አስራ፣ «ይቺስ መኪና ናት!» ብላለች። የምጠላው ሌላ ነገር ነው፤ በቅሎን ፈረስ ነሽ ብሎ መሸጥ። ፎርድ ለአምስት ሰው የተሠራ የኤሌክትሪክ የቤተሰብ መኪና ሠርቶ ሙስታንግ ማክ-ኢ ብሎ ሰየመው፤ ግንባሩ ላይም ያንን የሚጋልብ ፈረስ ለጠፈበት። በቅሎ አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች የሚለውን ተረት ዲትሮይት ውስጥ የሚያውቅ ሰው ቢኖር ኖሮ ምናልባት ይተዉት ነበር። መኪናው መጥፎ ነው አላልኩም፤ በቅሎነቱ ምን አነሰውና ነው?

ከልጁ ጋር በነጋዴው ዋጋ አልተስማማንም፤ አቅሙ አይደርስም። ቀንሼ ሸጥኩለት። ነገ አትርፎ ለዚያው ነጋዴ ቢሸጣት የሚከለክለው የለም፤ እኔም ቃል አላስገባሁትም። የሸጠ ሰው በሸጠው ነገር ላይ ውል እየጨመረ መኖር አይችልም። ጉዳቱን በዶላር አውቀዋለሁ፤ ባለቤቴም ታውቀዋለች፤ እስካሁን ሁለታችንም አላነሳነውም።

እናንተም ጋራዣችሁ ውስጥ ጨርቅ ለብሳ የቆመች መኪና ካለቻችሁ ቤንዚኗ ካርቡራተሩ ውስጥ ሳይደርቅ ወስኑ። የምትሸጧት ከሆነ ገና ሞተሯ እየተነሳ ሽጧት፤ ስቱኮው የት የት እንዳለ ገዢው በማግኔት ፈልጎ ከሚያገኘው ራሳችሁ አሳዩት፤ ዋጋ ከመጠየቁ በፊት እንዴት እንደምትነዳ የጠየቀውን ሰው ደግሞ፣ ገንዘቡ ትንሽ ቢያንስም፣ አስቀድሙት።